ሲዲኤሉን ይዘሃል፣ አሁን አጠገብህ ማን ይቀመጥ?

ከአንድ አንባቢ የመጣ ጥያቄ ነው፣ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ባለፈው ወር ክላስ ኤ ሲዲኤል (የትልልቅ ትራክ መንጃ ፈቃድ) አወጣሁ። የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ለትምህርት ቤት 5,500 ዶላር ከፍያለሁ፣ ግማሹ ብድር ነው። አንድ ትልቅ ካምፓኒ ተቀብሎኛል፣ ግን 5 ሳምንት ከትሬነር (ከአሠልጣኝ ሹፌር) ጋር ትወጣለህ፣ ክፍያው በሳምንት የተቆረጠ ነው፣ ከዚያ አንድ ዓመት ትሠራልናለህ አሉኝ። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ሁለት ትራክ አለው። ሁለት ቀን አብሬህ እወጣና ከዚያ ብቻህን ትነዳለህ፣ በማይል 60 ሳንቲም እከፍልሃለሁ፣ በ1099 (በተቀጣሪነት ሳይሆን በግል ሠራተኛነት) ይለኛል። ኢትዮጵያ እያለሁ አይሱዙ 4 ዓመት ነድቻለሁ። ይሄ ትሬኒንግ የሚሉት ነገር በርካሽ ሊያሠሩን የፈጠሩት አይደለም ወይ? ትሬነሩ ተኝቶ የሚነዳው ተማሪው ነው ይባላል። ለመሆኑ ሕጉ ያስገድዳል? ምን ትመክረኛለህ?»

ከሕጉ ልጀምር፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት። ሲዲኤል ካወጣህ በኋላ ከትሬነር ጋር ይህን ያህል ሳምንት ውጣ የሚል የፌዴራል ሕግ የለም። አጠገብህ ሰው የግድ የሚያስፈልገው ፐርሚት (የተለማማጅ ፈቃድ) ላይ እያለህ ነበር። ያኔ ሲዲኤል ያለው ሰው ፊት ወንበር ላይ መቀመጥ አለበት፣ ከኋላ አልጋው ላይ መጋደም አይችልም። ካርዱ እጅህ ከገባ ጀምሮ ግን በሕግ ፊት አንተና 20 ዓመት የነዳው ሹፌር እኩል ናችሁ። 80 ሺህ ፓውንድ ጎትተህ ብቻህን ከዴንቨር ሎስ አንጀለስ ብትሄድ ማንም አያስቆምህም። እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

«ትምህርት ቤቱስ ግዴታ አልነበረም?» ትለኝ ይሆናል። ነበር። ከፌብሩዋሪ 7፣ 2022 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) አዲስ ሲዲኤል የሚያወጣ ሰው በፌዴራል መዝገብ ላይ ከተመዘገበ ትምህርት ቤት መማር አለበት። የቲዎሪው ፈተና ላይ ቢያንስ 80 ከመቶ ማምጣት አለበት። መሪ ላይ ስንት ሰዓት ይቀመጥ የሚለውን ግን ሕጉ ዝም ብሎታል። አስተማሪው «ይችላል» ብሎ ከመዘገበው አለቀ። ለዚህ ነው ሁለት ልጆች እኩል ብር ከፍለው፣ አንዱ ማታም ቀንም ሲነዳ ከርሞ፣ ሌላው ግቢ ውስጥ ተራ ሲጠብቅ ከርሞ፣ አንድ ዓይነት ካርድ ይዘው የሚወጡት።

ታዲያ ትሬነሩን ማን ያመጣዋል? ኢንሹራንስ። ትንሽ ካምፓኒ ኢንሹራንስ ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሹፌሮችህ ስንት ዓመት ነድተዋል የሚለው ነው። ብዙዎቹ ሁለት ዓመት ይፈልጋሉ። ከዚያ በታች ከሆነ ወይ አንቀበልም ይላሉ፣ ወይ የሚያስደነግጥ ዋጋ ይጠራሉ። ትልልቆቹ ግን ከሚደርሰው ጉዳት ብዙውን ከራሳቸው ኪስ ስለሚከፍሉ አዲስ ሹፌር መቀበል ይችላሉ። ስለሚከፍሉም ነው ብቻህን ከመልቀቃቸው በፊት አንድ ሰው አጠገብህ የሚያስቀምጡት። ለአንተ አዝነው አይደለም። ግን ጥቅማቸውና ጥቅምህ እዚህች ጋ ገጥሟል፣ ተጠቀምበት።

በርካሽ ሊያሠሩን ነው ያልከው ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ኒው ፕራይም የሚባለው ካምፓኒ ላይ የቀረበው ክስ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በጃንዋሪ 2019 ሹፌሩ ረትቷል። ውሳኔው ራሱ ያተኮረው ጉዳዩ በሽምግልና ይታይ ወይስ ፍርድ ቤት በሚለው ላይ ነው። ግን ሹፌሩ ያቀረበውን ክስ ስታነብ ትደነግጣለህ። የመጀመሪያውን 10 ሺህ ማይል ያለ ክፍያ ነዳሁ፣ ቀጥሎ 30 ሺህ ማይል በሰዓት 4 ዶላር አካባቢ እየታሰበልኝ ነዳሁ ነው ያለው። ስለዚህ ጥርጣሬህ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ግን መጥፎ ትሬኒንግ አለ ማለት ትሬኒንግ አያስፈልግም ማለት አይደለም። የትራክ ሹፌር እዚህ ሀገር የኦቨርታይም ሕግ ብዙ ጊዜ አይመለከተውም፣ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ግን ይመለከተዋል። በሳምንት የሚሰጡህን ብር ለሠራህበት ሰዓት አካፍለው። ከዝቅተኛው ክፍያ በታች ከወረደ ያ ካምፓኒ ይቅርብህ።

አሁን ወደ አይሱዙው እንምጣ። አራት ዓመት ከነዳህ ጆሮህ ሞተር ያውቃል፣ ቁልቁለት ላይ ከባድ ማርሽ አስገብቶ መውረድ ታውቃለህ፣ መንገድ ላይ የሚዘል እግረኛና ፍየል ለምደሃል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እዚህ ሀገር ተወልደው ሲዲኤል ካወጡ ልጆች በዚህ ትበልጣለህ። ካምፓኒዎቹ ግን አይቆጥሩልህም፣ ማረጋገጥ አይችሉማ። ከዚያም በላይ አይሱዙ አንድ ወጥ ነው፣ ወገቡ አይታጠፍም። አሁን የምትጎትተው 53 ፊት (16 ሜትር ገደማ) ትሬለር ነው። ወደኋላ ስትሄድ መሪውን ወደ ግራ ብታዞር ትሬለሩ ወደ ቀኝ ይሄዳል። እኔ ያሠለጠንኳቸው በባክ (ወደኋላ በመንዳት) በጣም ይቸገሩ የነበሩት ምንም ነድተው የማያውቁት አልነበሩም። ሀገር ቤት ለዓመታት የነዱት ነበሩ። እጃቸው የለመደውን አልተው ይላል።

ደግሞ እስቲ ራስህን ጠይቅ፣ አይሱዙውን እንዴት ነው የተማርከው? መንጃ ፈቃድ ባወጣህ ማግስት ጌታው ቁልፍ ሰጥቶህ ሻሸመኔ ላከህ? አይመስለኝም። ወይ ረዳት ሆነህ ጎማ እያጠብክ፣ ታኮ እያስገባህ፣ ሹፌሩ ሲደክመው ደግሞ ሜዳ ሜዳውን እየነዳህ ነው፣ ወይ አንድ ታላቅህ አጠገብህ ተቀምጦ እየተቆጣህ ነው። ሀገራችን ውስጥ ሹፌር የሚወጣው ከረዳትነት ነው። እዚህ ስሙ ትሬኒ ሆነ እንጂ ነገሩ ያው ረዳትነት ነው፣ ልዩነቱ ረዳቱ ካርድ ያለው መሆኑ ብቻ ነው።

ትምህርት ቤት ያላስተማረህን ልንገርህ። ፈተናው ላይ ያየኸው ሦስት ነገር ነው፦ የፕሪ ትሪፕ (ከጉዞ በፊት የሚደረግ) ፍተሻ፣ ግቢ ውስጥ ባክ፣ ከተማ ውስጥ የተወሰነ መንገድ። ትሬለሩ ምናልባት ባዶ ነበር። ቀኑ ምናልባት ብሩህ ነበር። ሙሉ ጭነት ይዞ 65 ማይል የሚሄድ ትራክ ደረቅ መንገድ ላይ እንኳ ለመቆም ከ150 ሜትር በላይ ይፈልጋል፣ ይህን በእግርህ ፔዳሉ ላይ ካላየኸው በወሬ አይገባህም። የሲዲኤል መጽሐፉ ለእያንዳንዱ 10 ፊት የመኪና ርዝመት አንድ ሰከንድ ርቀት ጠብቅ፣ ከ40 ማይል በላይ ከሆንክ አንድ ጨምር ይላል። የአንተ 70 ፊት ነው፣ ስምንት ሰከንድ ማለት ነው። ዴንቨር ውስጥ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ስምንት ሰከንድ ክፍተት ስትተው ሦስት ቶዮታ እየተሽቀዳደመ ይገባልሃል። ያኔ ሳትናደድ እንደገና ወደኋላ መቅረት የሚባለውን ትዕግስት የሚያስተምርህ አጠገብህ የተቀመጠ ሰው ነው።

ክብደቱም አለ። ሕጉ በጠቅላላ 80 ሺህ ፓውንድ ይላል፣ ግን ፖሊሱ የሚያየው እያንዳንዱን አክስል ነው። ብዙውን ጊዜ የፊት ጎማዎቹ ላይ 12 ሺህ አካባቢ፣ የትራኩ የኋላ ጎማዎች 34 ሺህ፣ የትሬለሩ 34 ሺህ። ስኬል (የትራክ ሚዛን) ላይ ወጥተህ የትራኩ 35,200 የትሬለሩ 31,500 ቢል ምን ታደርጋለህ? ታንደሙን (የትሬለሩን ተንሸራታች የኋላ ጎማዎች) ወደፊት ነው ወደኋላ የምታስገባው? ወደፊት። ታንደሙ ወደ ትራኩ ሲጠጋ ክብደቱ ከትራኩ ጎማ ላይ ተነስቶ ወደ ትሬለሩ ይሄዳል። ካሊፎርኒያ ስትገባ ደግሞ ከኪንግ ፒን (ትሬለሩ ከትራኩ ጋር ከሚያያዝበት ፒን) እስከ መጨረሻው አክስል 40 ፊት ማለፍ የለበትም። ይህን ሁሉ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ ብርድ ውስጥ፣ የታንደሙ መቆለፊያ ፒን ዝጎ አልወጣ ሲልህ፣ ከኋላህ አምስት ትራክ ተሰልፎ ጥሩምባ እየነፋብህ ነው የምትማረው። የመጀመሪያዋን ጊዜ ብቻህን ሆነህ አትማራት።

ሎጉ (የሥራና የእረፍት ሰዓት መዝገቡ) ሌላ ዓለም ነው። 11 ሰዓት መንዳት፣ 14 ሰዓት የሥራ መስኮት (ሥራ ከጀመርክ በኋላ መንዳት የሚፈቀድልህ ጊዜ)፣ 8 ሰዓት ከነዳህ 30 ደቂቃ እረፍት፣ ከዚያ 10 ሰዓት ማረፍ፣ በ8 ቀን 70 ሰዓት። ቁጥሮቹን ፈተና ላይ ሸምድደሃቸዋል። የማታውቀው ሪሲቨሩ (ጭነቱን የሚረከበው) ዶክ (ማራገፊያ) ላይ ለ5 ሰዓት ሲያቆምህ 14ቱ ሰዓት እየሮጠ መሆኑን፣ ከዚያ አካባቢ ያለው ትራክ ስቶፕ (የትራክ ማረፊያ) ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ሞልቶ ሀይዌይ መውጫ ላይ ጥርስህን እየነከስክ እንደምትቆም ነው። ጥሩ ትሬነር ጠዋት ገና ሳትነሳ «ዛሬ የት ነው የምናድረው?» ብሎ ይጠይቅሃል። ይህች ጥያቄ ብቻዋን የአምስት ሳምንቱን ዋጋ ታወጣለች።

አንተ ኦሮራ ስለሆንክ ተራራውን ለብቻው ላንሳው። ከአይዘንሃወር ዋሻ፣ ከ11 ሺህ ፊት ከፍታ በላይ፣ ወደ ዴንቨር ስትወርድ አይ-70 የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ አንድ ታፔላ አለ፣ ሹፌሮች አትሸወዱ፣ ገና 4 ማይል ቁልቁለትና ጠመዝማዛ አለ ይላል። ያ ታፔላ በከንቱ አልተተከለም። ከተማዋ ከታች ስትታይህ ያለቀ ይመስልሃል፣ እግርህ ይላላል። ኤፕሪል 2019 ላይ በዚሁ ቁልቁለት የወረደ የ23 ዓመት ስደተኛ ወጣት ሌክውድ ላይ ቆመው የነበሩ መኪኖች ላይ ገብቶ አራት ሰው ሞተ፣ 28 መኪና ተጎዳ። ፍሬኔ አልይዝ አለ ነው ያለው። ዓቃቤ ሕግ ደግሞ ፍሬን ላጣ ትራክ የተሠራውን ማምለጫ መንገድ አልፎት ሄደ አለ። 110 ዓመት ተፈረደበት፣ በኋላ የኮሎራዶው ገዢ ወደ 10 ዓመት ዝቅ አደረገለት። እኔ ይህን ልጅ ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ አንድ ጥያቄ ነው። ያንን ዳገት ከዚያ በፊት ከማን ጋር ወርዶት ያውቅ ነበር?

መውረጃው እንዲህ ነው። ጫፉ ላይ ከመድረስህ በፊት ፍጥነትህን ትቀንሳለህ፣ ማርሹን በማኑዋል ትይዘዋለህ (አውቶማቲክም ቢሆን ማኑዋል ሞድ አለው)፣ ጄክ ብሬኩን (በሞተሩ የሚይዘውን ፍሬን) ትከፍታለህ። ለቁልቁለቱ የመረጥከው ፍጥነት 35 ከሆነ፣ 35 ሲደርስ ጠንከር አድርገህ ረግጠህ ወደ 30 ታወርደዋለህ፣ ከዚያ ትለቀዋለህ። እንደገና 35 ሲደርስ እንደገና። ቀስ አድርጎ እየረገጡ እስከ ታች መውረድ ፍሬኑን ያጨሰዋል። መንገዱ የሚያንሸራትት ከሆነ ደግሞ ጄኩን ትዘጋዋለህ። ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ከዶትሴሮ እስከ ሞሪሰን ባለው አይ-70 ላይ ለበረዶ ጎማ ላይ የሚታሰር ሰንሰለት ሳትይዝ መሄድም ሕጉ አይፈቅድልህም። ሰንሰለቱን መጀመሪያ ደረቅ ግቢ ውስጥ አስረህ ተለማመድ። በረዶ ላይ ተንበርክኮ መጀመር አያምርም።

ትሬነሩ ተኝቶ ተማሪው ይነዳል ያልከው እውነት ነው፣ ብዙ ቦታ ይደረጋል። ካምፓኒው ለምን እንደሚወደው ግልጽ ነው፣ ሁለት ሰው ተፈራርቆ ሲነዳ ትራኩ አይቆምም፣ ትሬነሩም አንተ በነዳኸው ማይል ይከፈለዋል። በእኔም ደርሷል። ገና በሁለተኛው ሳምንት ትሬነሬ ሌሊት ዋዮሚንግ አይ-80 ላይ መሪውን ሰጥቶኝ ተኛ። ከላራሚ ወደ ሮሊንስ፣ ኤልክ ማውንቴን የሚባለው አካባቢ፣ ንፋሱ ትራክ የሚገለብጥበት ቦታ ነው። የኤሌክትሪክ ታፔላው ቀላልና ረጅም ተሽከርካሪ ማለፍ አይችልም እያለ ያበራል። እኔ ትራክ ከባድ ነው ብዬ አለፍኩት። ትሬለሩ ባዶ ነበር! ባዶ 53 ፊት ትሬለር ለንፋስ እንደ ሸራ መሆኑን ማን ነገረኝና። አርሊንግተን አካባቢ ስደርስ በመስታወት ትሬለሬን በሌላኛው መስመር ላይ አየሁት። እንዴት እንዳቆምኩት ዛሬም አላውቅም። ትሬነሩ ተነስቶ መጀመሪያ የጠየቀኝ ለምን እንደቆምኩ ነበር።

ስለዚህ ካምፓኒውን የምትጠይቀው ትሬኒንግ አላችሁ ወይ ሳይሆን ትሬነሩ ስንት ቀን ፊት ወንበር ላይ ነቅቶ ይቀመጣል የሚለውን ነው። ቢያንስ የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት፣ ሌሊትና ተራራና መጥፎ አየር ሲሆን ደግሞ እስከ መጨረሻው ተነስቶ መቀመጥ አለበት። ትሬነሩ ራሱ ስንት ዓመት እንደነዳም ጠይቅ። የሚገርመው ነገር የትምህርት ቤት አስተማሪ በፌዴራል ሕግ ቢያንስ ሁለት ዓመት ልምድ ያስፈልገዋል፣ የካምፓኒ ትሬነር ግን ሲዲኤል ላለው ሰው ስለሆነ የሚያሠለጥነው ይህ ሕግ አይመለከተውም። ስድስት ወር ነድቶ ትሬነር የሆነ አውቃለሁ። እሱ ራሱ አንድ ክረምት ሙሉ አላየም! ከትሬነርህ ጋር ካልተስማማህ መቀየር እችላለሁ ወይ ብለህም ቀድመህ ጠይቅ፣ በጽሑፍ ይሁን። አንድ ሰፊ ቁም ሳጥን የምታክል ክፍል ውስጥ ነው ከማታውቀው ሰው ጋር አምስት ሳምንት የምታድረው። ሲጋራ የሚያጨስ፣ የሚጮህ፣ የማይታጠብ ሊደርስህ ይችላል። ለእህቶቻችን ይህ ጉዳይ ከባድ ነው፣ ሴት ትሬነር እንዳላቸው ወይም ሌሊት ሆቴል እንደሚይዙ ሳታረጋግጪ አትፈርሚ።

ምግቡን ደግሞ ተዘጋጅበት። ጾም የምትጾም ከሆነ ትራክ ስቶፕ ውስጥ ከድንች ጥብስ ሌላ ብዙ ነገር አታገኝም። 12 ቮልት ላይ የሚሠራ ትንሽ ማሞቂያ፣ ሽሮ፣ ቆሎ ያዝ። ቆሎ ሌሊት ከቡና ይሻላል፣ አፍህ ሲሠራ ዓይንህ አይከደንም። ከመጣ ግን እንቅልፍን የሚያሸንፍ ቆሎ የለም፣ ያኔ መቆም ነው።

ወደ አጎትህ ልጅ እንምጣ። ክፉ ሰው ነው አላልኩም። ሊረዳህ ፈልጎ ይሆናል፣ ሁለተኛው ትራኩ ቆሞበትም ይሆናል፣ ሁለቱም አብሮ ይሄዳል። ግን ጥያቄው አንድ ነው፣ ስምህ ኢንሹራንሱ ላይ አለ? ለሰው ጭነት የሚጭን ካምፓኒ በፌዴራል ሕግ ቢያንስ 750 ሺህ ዶላር ኢንሹራንስ መያዝ አለበት፣ ብሮከሮቹ (ጭነት የሚያገናኙ ደላሎች) ደግሞ 1 ሚሊዮን ይጠይቃሉ። ያ ወረቀት ላይ ስምህ ከሌለ አንድ አደጋ ላይ ለእሱ ቤቱ፣ ትራኩ፣ ካምፓኒው፣ ለአንተ ደግሞ ገና ያልጀመርከው ሥራ አብሮ ይሄዳል። «ለጊዜው በእኔ ሎግ ንዳ» ካለህ ደግሞ ያንኑ ሰዓት ውረድ። በሌላ ሰው ስም ሎግ መሙላት ማጭበርበር ነው፣ ስኬል ላይ ካርድህን ሲያዩ ይገለጣል። ሥራ ሳትጀምር የዕፅ ምርመራ ማድረግና ክሊሪንግሃውስ (የሹፌሮች የዕፅና የመጠጥ ጥፋት የሚመዘገብበት የፌዴራል መዝገብ) ላይ ስምህን ማጣራትም ግዴታው ነው፣ ዘመድ ነው ብሎ ሊዘለው አይችልም።

1099ኙም የሚመስልህን ያህል አይጣፍጥም። 60 ሳንቲም ስትሰማ ብዙ ነው። ግን ከትርፍህ ላይ 15.3 ከመቶ የራስህ የሶሻል ሴኪዩሪቲና የሜዲኬር ታክስ አለ፣ የገቢ ግብሩ ከዚያ ላይ ነው። ብትጎዳ ወርከርስ ኮምፕ (የሥራ ላይ ጉዳት ኢንሹራንስ) የለህም። ትራኩ የእሱ፣ ጭነቱን የሚመርጠው እሱ፣ ሰዓቱን የሚነግርህ እሱ ከሆነ ደግሞ አንተ ነጋዴ አይደለህም፣ ተቀጣሪ ነህ፣ ወረቀቱ ምንም ይበል። ሌላም አለ። ከዓመት በኋላ ጥሩ ቦታ ለመግባት ስታመለክት ልምድህን የሚያረጋግጥላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ሁለት ትራክ ካለው ዘመድ ጋር በ1099 የነዳኸውን ብዙዎቹ አይቆጥሩትም፣ እንደገና ከትሬነር ትጀምራለህ። ሁለት ቀን አብሮህ መውጣቱን በተመለከተ ብዙ አልልም። በሁለት ቀን ከዴንቨር ቺካጎ ትደርሳለህ፣ የምታየውም ሜዳ ብቻ ነው።

ትልቁ ካምፓኒ ጋ ስትፈርም ሁለት ነገር አንብብ። አንዱ የአንድ ዓመት ውሉ ነው። ቀድመህ ብትወጣ ስንት ትከፍላለህ? ለትምህርት ቤት ራስህ ስለከፈልክ የሚያስከፍሉህ ነገር ትንሽ መሆን አለበት። የትሬኒንግ ወጪ ብለው ብዙ ሺህ ጽፈው ከሆነ ተከራከር፣ ወይም ሌላ ካምፓኒ ፈልግ፣ አንድ ብቻ አይደሉም። ሁለተኛው ሊዝ ነው፣ ትራኩን ከካምፓኒው ወስደህ በየሳምንቱ መክፈል ማለት ነው። ትሬኒንግህን ልትጨርስ ስትል አንድ ፈገግታ የማያልቅበት ሰው «የራስህን ትራክ ለምን አትይዝም? ያለ ቅድሚያ ክፍያ» ይልሃል። እምቢ በል። ኮንግረስ ያቋቋመው የትራክ ሊዝ ጉዳይ አጥኚ ቡድን በ2025 መጀመሪያ ባወጣው ሪፖርት ይህ ዓይነቱ ሊዝ እንዲታገድ ነው የመከረው። ገና ባክ ያልለመደ ሰው በሳምንት የትራክ ክፍያ ተሸክሞ ሲሮጥ ሎጉንም እንቅልፉንም መሸጥ ይጀምራል።

አንድ ነገር ደግሞ የእኛ ሰው ይረሳዋል። ሹፌር ከፖሊስ ጋር የሚግባባበትና ታፔላ የሚያነብበት እንግሊዝኛ ሊኖረው ይገባል የሚለው ሕግ የቆየ ነው፣ ከጁን 25፣ 2025 ጀምሮ ግን ያልቻለውን እዚያው ከመንዳት ያግዱታል። ከሐበሻ ትሬነር ጋር መውጣት ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ግን አምስት ሳምንት ሙሉ በአማርኛ ስታወራ ከርመህ ስኬል ላይ ኢንስፔክተሩ የት እንደጫንክና የት እንደምታወርድ ሲጠይቅህ ምላስህ እንዳይተሳሰር። ከትሬነርህ ጋር ይህን በእንግሊዝኛ ተለማመዱ፣ ሪሲቨሩንም አንተ አናግረው፣ እሱ አያናግርልህ።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ትልቁን ካምፓኒ ያዝ፣ በደብልዩ ቱ (በተቀጣሪነት)፣ ያለ ሊዝ፣ ትሬነሩ ነቅቶ እንደሚቀመጥ በጽሑፍ ካረጋገጥክ በኋላ። እነሱ ይህን ካልሰጡህ ሌላ ትልቅ ካምፓኒ ፈልግ እንጂ ወደ አጎትህ ልጅ አትሂድ። 12 ወር ሳታጋጭ ንዳ። አምስት ሳምንቱ አልቆ ዝግጁ ካልመሰለህ አንድ ሳምንት ጨምሩልኝ በል፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀ ተማሪ ላይ የሳቀ ጥሩ ትሬነር አላየሁም። ብቻህን ስትሆን ባክ ከማድረግህ በፊት ውረድና እይ፣ አንዴ ሳይሆን ሦስቴም ቢሆን። እዚህ ሀገር ሹፌሮች «ውረድና እይ» የሚለውን የእንግሊዝኛ አባባል አሳጥረው ጎል ይሉታል፣ ያላገባው ሰው ዶክ ይሰብራል። አየሩ አስቸጋሪ ሲሆን ዲስፓቸሩ (ሥራ የሚመድብልህ ሰው) ቢጮህም አቁም። አደገኛ ሁኔታ ላይ አልነዳም ያለን ሹፌር ማባረር በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው፣ ከተደረገብህ 180 ቀን ሳያልፍ ለኦሻ (ለፌዴራሉ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት) ማመልከት ትችላለህ። የዲስፓቸሩን መልእክት አታጥፋው። አውቶማቲክ ላይ ተፈትነህ ከሆነ ካርድህ ላይ ኢ የሚል ገደብ አለ፣ ማኑዋል ትራክ መንዳት አትችልም ማለት ነው፣ እሱ አሁን አያሳስብህ።

ለአጎትህ ልጅ ደግሞ ዛሬ ማታ ደውልለት። አትከራከረው። ነገ ጠዋት ለኢንሹራንስ ኤጀንቱ ደውሎ «ካርድ ካወጣ አንድ ወር የሆነው ሹፌር ብጨምር ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅ በለው። መልሱን ሲሰማ አንተ ሳትነግረው ራሱ ካምፓኒው ጋ ሂድ ይልሃል።